ለኦፐራሲዮን ስንሰናዳ ቤታችንንም እናሰናዳ

ከሀርጌሳ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሓፊዋ ኢትዮጵያዊት እመቤት ናቸው፤ ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ለመኑን አንገልጸውም። ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋራ በዚያች ከተማ መኖር ከጀመሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በቤታቸው ልብስ እየሰፉ ኑሯቸውን ይደግፋሉ። «ዕድሜዬ 38 ዓመት፥ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው» ይላሉ። «የስኳር በሽታ ከያዘኝ አራት ዓመት አለፈ። ጕልበቴም ደረጃ መውጣት እንቢ ብሎኛል። ሐኪሜ ጨጓራዬ በኦፐራሲዮን ቢቀነስ እንደሚሻለኝ ነግሮኛል፤ እኔም ቈርጫለሁ። ነገር ግን ነውር መሰለኝ። ለባለቤቴ እናቴን ልጠይቅ ወደ አገሬ ልሂድ ብዬ፥ በዐሥር ቀን ውስጥ ተሠርቼ ተመልሼ፥ ሥራዬን ልቀጥል አስቤአለሁ። ሰው ሳይሰማ እንዴት ልሰናዳ?»

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛው «እንዴት ልሰናዳ» የሚለው ነው፤ ለዚህ በተቻለን መጠን መልስ እንሰጣለን። ሁለተኛው «ሰው ሳይሰማ» የሚለው ነው፤ ስለዚህም ሳንሸሽግ ሐሳባችንን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ነውር የሚለውን ቃል እናንሣ። ብዙ ሰው ወፍራምን ሁሉ ሆዳምና ሰነፍ አድርጎ ይቈጥራል። ይህ ስሕተት ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በኖርዌይ የሚኖሩትን ሶማሌዎች በሶማሌላንድ ከሚኖሩት ጋራ አነጻጽሮ ነበር። በሶማሌላንድ ከተመረመሩት ሴቶች ከመቶው 31ዱ፥ ከወንዶቹ ግን ከመቶው 6ቱ ብቻ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። በኖርዌይም ከሴቶቹ ከመቶው 44ቱ፥ ከወንዶቹ ከመቶው 9ኙ እንዲሁ ሆነው ተገኝተዋል። ወንዱና ሴቲቱ የሚበሉት ከአንድ ድስት ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፥ ነገሩ የሆዳምነት ብቻ አለመሆኑን ማስተዋል አያዳግትም። ተደጋጋሚ ወሊድ፥ ከቤት ሳይወጡ መዋል፥ ከወላጆች የሚወረስ ተፈጥሮ፥ የአገር ልማድ፥ እነዚህ ሁሉ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

የአገር ልማድ ስንልም የሀርጌሳን ማዕድ የሚያውቅ ይረዳናል። ጧት ላሖሕ በዘይትና በስኳር ይቀርባል፤ ቀትር ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ ከፍየል ወይም ከግመል ሥጋ ጋራ ይበላል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ በወተት፥ በሄልና በቀረፋ የፈላ፥ ስኳሩ የበዛ ሻይ ይቀዳል። በሠርግና በበዓል ሐልዋ አይቀርም። እኛም ብንሆን በቅቤው፥ በጮማውና በጕርሻው ከጎረቤታችን አናንስም። በሁለቱም ወገን «ወፈርሽ» ማለት «ተመቸሽ፥ ደላሽ» ማለት ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቷል። ስለዚህ እመቤት ሆይ፥ የሚያፍሩበት ነገር የለም። በሽታ ነው፤ በሽታም ይታከማል።

እንግዲህ ስለ ኦፐራሲዮኑ ጥቂት እንበል። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰንና ዶክተር ቺካሺ ኢቶ የጨጓራን ላይኛ ክፍል ለይተው ከትንሹ አንጀት ጋራ በመግጠም ውፍረትን ማከም ጀመሩ። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዐይነቶች ናቸው። አንደኛው ጨጓራው በቁመቱ ተቈርጦ ከመቶው ከ75 እስከ 80 እጅ የሚሆነው የሚወገድበት ነው፤ የቀረው እንደ ልብስ እጅጌ ጠባብና ረጅም ይሆናል። ይህ ከተደረገ በኋላ ጨጓራው ወደ ቀድሞው መልኩ አይመለስም። ሁለተኛው በጨጓራው ላይኛ ጫፍ ግማሽ የቡና ስኒ እንኳ የማይሞላ ከረጢት ተሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋራ የሚገጠምበት ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የሚሠሩት ሆድን በሰፊው በመክፈት ሳይሆን በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ መሣሪያና ካሜራ ነው።

ይህ ሕክምና ለማን ይገባል? ሐኪሞች ክብደትን በኪሎ፥ ቁመትን በሜትር ለክተው፥ ክብደቱን ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለተገኘው ቊጥር ያካፍላሉ። የእርስዎ ክብደት 118 ለ2 ነጥብ 62 ሲካፈል 45 ይሆናል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች ውሳኔ መሠረት ኦፐራሲዮኑ የሚገባው ቊጥሩ 40 ለደረሰ፥ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለበት ሰው ነበር። በ2022 ዓ.ም. ግን ደንቡ ተሻሽሎ፥ ለ35 በሽታ ባይኖርም፥ ለ30ም የስኳር በሽታን የመሰለ ሕመም ካለ ሊታሰብበት እንደሚችል ተወስኗል። ስለዚህ የሐኪምዎ ምክር ከደንቡ ውጭ አይደለም። ከኦፐራሲዮን በፊት ሊሞከሩ የሚችሉ፥ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ አዳዲስ የመርፌ መድኃኒቶችም ስላሉ፥ ለእርስዎ ይስማሙ እንደሆነ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

አደጋውን በሚመለከት እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በአሜሪካ በ2009 ዓ.ም. በወጣ፥ 4,776 በሽተኞችን በተከታተለ ጥናት፥ በኦፐራሲዮኑ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ1,000 ሰው 3 ያህል ነበሩ። ይህ ቊጥር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ባዶ አይደለም። በሌላ በኩል ስዊድን አገር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2007 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ከተሠሩት መካከል በዓመታት ውስጥ የሞቱት ካልተሠሩት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ትርፉም ኪሳራውም ያለው እንግዲህ በዝግጅቱና በክትትሉ ነው። ቢላዋ ጨጓራን ይቈርጣል፤ ልማድን ግን አይቈርጥም። ልማድን የሚቈርጠው ሰውየው ራሱ ነው፤ ያውም ቤተ ሰቡ ሲያግዘው።

አሁን ወደ ሥጋ ዝግጅት እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል። የደም ማነስ፥ የቪታሚን ቢ 12 እና የቪታሚን ዲ ጕድለት፥ የስኳሩ መጠን፥ የልብ፥ የጉበትና የኵላሊት ሁኔታ፥ በጨጓራ ውስጥም ቊስል የሚያመጣው ተሕዋስ መኖር አለመኖሩ ይታይ። በሌሊት አብዝተው የሚያንኰራፉ፥ ትንፋሽዎም እየተቋረጠ የሚያባንንዎ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሰው ትልቅ ቁም ነገር ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፥ ከመንደር የተገዛውን ሥራ ሥር እንኳ ሳይቀር፥ ጽፈው ይያዙ።

ሲጃራም ሆነ ሺሻ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም አለበት፤ ጢስ ቊስል እንዳይሽር ያደርጋል፥ ሳንባንም ያውካል። ጫት የሚቅምም ሰው ለሐኪሙ መሸሸግ የለበትም። ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል በየቀኑ ሀርጌሳ የሚገባው ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደምንም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ቀን ራብን አስረስቶ ሌሊት ያስበላል፤ ከርሱም ጋራ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይከተላል።

ከኦፐራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ብዙ ሐኪሞች ጥብቅ የምግብ ሥርዐት ያዝዛሉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የወፍራም ሰው ጉበት ስብ ሞልቶት ያብጣል፤ የጉበቱ ግራ ክፍል ደግሞ በጨጓራው ላይ ስለ ተኛ፥ ሐኪሙ ጨጓራውን ለመድረስ ጉበቱን ማንሣት አለበት። ሩዙ፥ ፓስታው፥ ላሖሑ፥ እንጀራውና ስኳሩ በእጅጉ ሲቀነስ ጉበት በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨማተራል፥ ሥራውም ይቀላል። በነዚህ ሳምንታት ዕንቍላል፥ ከበርበራ የሚመጣው ዓሣ፥ ስብ የሌለው ሥጋ፥ ስኳር ያልገባበት ወተትና ቅጠላ ቅጠል ይሻላል። ነገር ግን የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግቡን ሲቀንስ የመድኃኒቱም መጠን ሊቀነስለት ስለሚገባ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን ቢጀምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

አንዳንዶች ደግሞ «ከእንግዲህ አልበላም» በማለት በመጨረሻዎቹ ቀናት የመሰናበቻ ግብዣ ያደርጋሉ፤ ዛሬ ክትፎ፥ ነገ ሐልዋ ይላሉ። ይህ ጉበቱን መልሶ ማሳበጥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ከዚህ መጠንቀቅ ይገባል።

እግርንም ማለማመድ ይበጃል። በሀርጌሳ ጧት ፀሓይ ሳይበረታ ዐሥር ደቂቃ በመራመድ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ይጨምሩ። ጕልበትዎ ቢያስቸግርዎ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ይለማመዱ። በቀን ጥቂት ጊዜም በጥልቅ ተንፍሰው ያስወጡ። ከኦፐራሲዮን በኋላ በዚያው ቀን ተነሥቶ መራመድ ግዴታ ነው፤ ደም በእግር ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ የሚከለክለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ኋላ የሚመጣውን አበላልም ከዛሬ ጀምሮ መለማመድ ይቻላል። በትንሽ ሳሕን መብላት፥ በትንሽ መቊረስ፥ አላምጦ ማድቀቅ፥ በምግብ ላይ ውሃና ሻይ አለመጠጣት፥ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ቈይቶ መጠጣት። ከኦፐራሲዮኑ በኋላ በመጀመሪያ ፈሳሽ፥ ቀጥሎ የተፈጨ፥ ቀጥሎም ለስላሳ ምግብ ብቻ ይበላል፤ ወደ ተራው ምግብ መመለስ የሚቻለው ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው። ሥጋን የሚገነባው ምግብ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ያስፈልጋል፤ አንድ ዕንቍላል 6 ግራም ያህል ብቻ ነው ያለው። ቪታሚኑም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው።

ስለ ጾምም እንግዲህ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሽሮና ምስር ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ጨጓራው እጅግ ትንሽ ሲሆን የሚፈለገውን ያህል ከነሱ ብቻ ማግኘት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስቸግራል። ስለዚህ ክርስቲያን የሆነ ከንስሐ አባቱ፥ እስላም የሆነም ስለ ረመዳን ከሃይማኖቱ ዐዋቂ ጋራ፥ ሁለቱም ደግሞ ከሐኪም ጋራ ይመካከሩ። ሕመምተኛን ከአቅሙ በላይ የሚያስጨንቅ ሥርዐት በሁለቱም ዘንድ የለም።

የሥጋው ይህ ከሆነ የልብ ዝግጅት ይበልጣል። እመቤት ሆይ፥ አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙ። በመጀመሪያው ገጽ ኦፐራሲዮኑን ለምን እንደ ፈለጉ ይጻፉ። «ልጄን ከትምህርት ቤት በእግሬ ሄጄ ላመጣ» ወይም «የስኳር መድኃኒቴ እንዲቀንስልኝ» የሚል ከሆነ መልካም ነው፤ ሐኪም ሊረዳዎ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። «ባለቤቴ እንዲወደኝ» ወይም «ሐሜተኞች ዝም እንዲሉ» የሚል ከሆነ ግን ቆም ብለው ያስቡበት። ቀጭን ወገብ የተቀየመን ትዳር አያስታርቅም።

በሚቀጥሉት ገጾች ደግሞ አንድ ነገር በበሉ ቊጥር «ርቦኝ ነው? ወይስ ከፍቶኝ፥ ደክሞኝ፥ ብቸኝነት ተሰምቶኝ?» ብለው ራስዎን እየጠየቁ መልሱን ይመዝግቡ። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው በምግብ እናቱን ያስታውሳል፤ በቡናና በቈሎ ናፍቆቱን ያስታግሣል። ይህ በደል አይደለም። ነገር ግን ጨጓራው በጠበበ ጊዜ ያ መጽናኛ በድንገት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ኀዘኑ ወዴት ይሂድ? መልሱን አስቀድሞ መፈለግ ይገባል፤ ወዳጅን መጠየቅ፥ መጸለይ፥ መራመድ፥ እጅን ሥራ ማስያዝ። አንዳንዶች በምግብ ፈንታ ወደ መጠጥ ሲዞሩ ታይቷል፤ ከዚህ ኦፐራሲዮን በኋላ ደግሞ መጠጥ ፈጥኖ ያሰክራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ምን ነክቶኝ ነው ያደረግሁት?» የሚል ጸጸት ብዙዎችን ይጐበኛል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ጠጕር ሊረግፍ ይችላል፤ በአብዛኛው ተመልሶ ይበቅላል። ቆዳም ይላላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት፥ ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ፥ ወይም በስውር ያለ ልክ የመብላት ልማድ የነበረው ሰው ከኦፐራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ሊናገር ይገባዋል። ይህ ከሕክምናው የሚያስከለክል ኀፍረት ሳይሆን ቀድሞ ሊታከም የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንመለስ። እመቤት ሆይ፥ በስውር አይሂዱ። ይህን የምንለው ስለ ምግባር ለመስበክ አይደለም፤ ኦፐራሲዮኑ ራሱ ምሥጢርን ስለማይቀበል ነው። በዐሥር ቀን ተመልሰው ለባለቤትዎ ምን ይላሉ? ከአንድ ትሪ ሲበላ እርስዎ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ብቻ ለምን ቀመሱ? ጕርሻ ሲዘረጋልዎ ምን ብለው ይመልሳሉ? 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማንሣት አይገባዎትም፤ ማን ያነሣልዎታል? ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ማርገዝም አይመከርም፤ ክብደት ሲቀንስ ማሕፀን ይበልጥ የመፀነስ ዕድል ያገኛል፥ በአንደኛው የኦፐራሲዮን ዐይነት ደግሞ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። ይህን ያለ ባለቤትዎ ዕውቀት እንዴት ይወስኑታል?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ከተመለሱ በኋላ ትኵሳት ቢነሣ፥ ልብዎ ያለ ዕረፍት ቢመታ፥ የሆድዎ ሕመም ቢበረታ፥ ትንፋሽ ቢያጥርዎ፥ አንድ እግርዎ ቢያብጥ፥ ወይም የቀመሱትን ሁሉ ቢያስመልስዎ፥ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስዎና «ይህች ሴት ጨጓራዋ በዚህ ቀን ተሠርቷል» ብሎ ለሐኪሙ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሐኪሙ በከንቱ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል። ማስመለስ ለብዙ ቀን ሲቀጥልም የቪታሚን ቢ 1 ጕድለት አእምሮን እስከ መጕዳት ይደርሳል።

ከሀርጌሳ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ ለልዩ ልዩ ሕክምና የሚጓዝ ሰው ብዙ ነው። እርስዎም ወዴትም ቢሄዱ፥ ከመሄድዎ በፊት በሀርጌሳ የሚከታተልዎትን ሐኪም ይያዙ። የሚሠራዎትን ሐኪም ይህን ኦፐራሲዮን ስንት ጊዜ እንደ ሠራ፥ ነገር ቢበላሽ ማን እንደሚረዳዎ፥ ሒሳቡም የኋላውን ምርመራ ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁት። ምን ዐይነት ኦፐራሲዮን እንደ ተደረገልዎ የሚገልጽ ወረቀት ሳይቀበሉ አይመለሱ። የዐሥሩ ቀን ሐሳብም ይቅር፤ ለዕረፍት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይመድቡ።

በሀርጌሳ የተወለዱት አዋላጇ ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኤል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ማንም በአደባባይ የማያነሣውን የሴት ልጅ ግርዛትን ጕዳት በግልጽ ተናገሩ፤ በ2002 ዓ.ም.ም በከተማይቱ የወሊድ ሐኪም ቤት ከፈቱ። በሴት ገላ ላይ የሚደርሰውን መናገር ነውር እንዳልሆነ ያስተማሩት በዚያችው ከተማ ተወልደው ነው።

ለባለቤትዎ የሚነግሩትን እንዴት ልጀምር ካሉም፥ ቃሉ አጭር ይሁን። «ስኳሩና ጕልበቴ እየጣሉኝ ነው። ሐኪም መድኃኒቱን ነግሮኛል። ፈርቻለሁ፤ ብቻዬን ላደርገው አልፈልግም። ሐኪሙ ዘንድ አብረኸኝ ግባና አንተም የምትጠይቀውን ጠይቅ።» ወንድ ልጅ በኋላ ከሚደርስበት ወሬ ይልቅ አስቀድሞ የተካፈለውን ጭንቀት ይሸከማል። ምናልባት እርሱ የማይሰማዎ ቢሆን፥ እኅትዎ ወይም የታመነች ወዳጅዎ ትወቅ፤ አንድ ሰው ግን ሳያውቅ አይሁን። ለጎረቤት ሁሉ መናገር ግዴታ አይደለም። ኋላ «ምን በሽታ ነው ያቀጠነሽ?» ላለችዎ «ሐኪም እያየኝ ነው፥ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ማለት ይበቃል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያድርጉ፤ ደብተሩን ይግዙ፥ ጧት ዐሥር ደቂቃ ይራመዱ፥ ማታም ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤትዎ ሻዩን ቀድተው፥ ለራስዎ ያለ ስኳር ቀድተው፥ ነገሩን ይጀምሩለት። ምን እንደ መለሰልዎ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።